ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ላስቀነሱ ወገኖች፦ ስለ መድኃኒት አወሳሰድና ስለ ምግብ አምሮት

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንድ የመድኃኒት ባለሙያ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። «ጨጓራ ማስቆረጥ? እሱ የሀብታም ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለነገሩ ከዐረብ አገር፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለበዓል ከሚመጡት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን መካከል ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አሉ። ለዚሁ ብለው ከዚህ ተነሥተው ወደ ውጭ የሚሄዱም አሉ። መጥተው የሚያርፉት ደግሞ በእኛው ቤት ነው። ራስ ምታት ሲይዛቸው ኪኒን የምንሰጣቸው እኛ ነን፤ ቡና የምናፈላላቸው፣ የምናጎርሳቸውም እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩ የእነሱ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ አይናገሩም። «እንዴት ከሳህ?» ሲባሉ «ስፖርት ሠርቼ ነው» ይላሉ። ሰው የገላውን ምሥጢር ለጎረቤት ያለመናገር መብት አለው። ለሐኪምና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ ግን መደበቅ አደጋ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን የተደበቀው በሽታ ሳይሆን ሕክምናው ራሱ ነው፤ መዘዙ ግን ያው ነው።

፩. ቀዶ ሕክምናው ምን ዓይነት ነው?

በብዛት የሚሠራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጨጓራን ማጥበብ ነው። ከጨጓራው ከመቶ 80 ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ የረዘመ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። የወጣው ተመልሶ አይገባም። ሁለተኛው ደግሞ ማቀያየስ ነው። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የሚይዝ፣ ማለትም የቡና ሲኒ እኩሌታ እንኳ የማይሞላ ትንሽ ከረጢት ይለያል፤ ከዚያም ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ይገጠማል። ምግቡም የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍልና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ይህን ሁለተኛውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመሩት በአሜሪካ አገር የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው።

ሕክምናው ለመልክ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ሐኪሞች የሚመዝኑት የሰውየውን ክብደት በኪሎ፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቷ 110 ኪሎ የሆነ ሴት ውጤቷ 40 ገደማ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናው የሚታሰበው ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ ከውፍረቱ የመጣ ከባድ በሽታ ላለበት ሰው ነበር። በ2022 ደግሞ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ወደ 35 ዝቅ አድርገውታል፤ የስኳር በሽታን የመሰለ ሕመም ላለበት ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ እንደሚችልም ገልጸዋል። እንግዲህ ይህን ሕክምና ያደረገን ሰው «ሆዱን መግዛት አቅቶት ነው» ብሎ ማማት ተገቢ አይደለም።

፪. ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል እጅግ የተመጠነ፣ በአብዛኛው ፈሳሽ የሆነ ምግብ ያዝዛሉ። ምክንያቱም በስብ ያበጠው ጉበት እንዲቀንስና ሐኪሙ በቀላሉ እንዲሠራ ነው። ታዲያ ምግቡ በእኩሌታ ቀንሶ መድኃኒቱ እንደ ወትሮው ከቀጠለ ምን ይሆናል? ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው በዚያው ሳምንት እንጂ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አይደለም። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት አዳዲስ የስኳር ኪኒኖች ደግሞ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት እንዲቋረጡ ይታዘዛል፤ ጾም ላይ ባለ ሰው ደሙን አሲድ ሊያደርጉት ይችላሉና።

በሳምንት አንዴ የሚወጋውን ሴማግሉታይድ፣ በተለምዶ «ኦዜምፒክ» የሚባለውን የሚወስድም ለሰመመን ሰጪው ሐኪም አስቀድሞ መናገር አለበት። ይህ መርፌ ጨጓራው ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ስለሚያደርግ፣ ሰውየው ጾሞ ቢያድር እንኳ ምግብ በጨጓራው ሊገኝና በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም እንዲሁ አስቀድመው ይነገራሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሳምንታት በፊት ማቆም ይገባዋል።

፫. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የድሮው መድኃኒት እንዴት ይሁን?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨጓራው ሲለወጥ የመድኃኒቱም መንገድ ይለወጣል። ክብደቱ ሲቀንስ ደግሞ ለ110 ኪሎ ሰው የታዘዘው መጠን ለ80 ኪሎ ሰው ሊበዛበት ይችላል። ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመልከት።

የስኳር መድኃኒት፦ የብዙ ሰው ስኳር ኪሎው ገና ሳይቀንስ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ በሐኪም ትእዛዝ ወዲያውኑ ይቀነሳሉ ወይም ይቋረጣሉ። ሜትፎርሚን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። በቤት ውስጥ ስኳር መለኪያ መኖሩ ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደም ግፊት መድኃኒት፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውየው በቂ ውኃ መጠጣት ያቅተዋል። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ያሉ ውኃ የሚያስወጡ ኪኒኖች ሳይቀነሱ ከቀጠሉ ሰውነቱ ይደርቃል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል። ከመቀመጫው ሲነሣ ዐይኑን የሚያጨልመው ከሆነ «የመክሳት ድካም ነው» ብሎ አይተወው፤ ግፊቱን ይለካ።

የሕመም ማስታገሻ፦ ይህን እባካችሁ በደንብ ያዙልኝ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ እንዲሁም በየመድኃኒት ቤቱ «ለወገብ፣ ለጉልበት» እየተባሉ የሚሸጡት ተመሳሳዮቻቸው፣ በተለይ ጨጓራውን ላቀያየሰ ሰው የተከለከሉ ናቸው። አንጀቱ በተገጠመበት ቦታ ቁስል ይፈጥራሉ፤ ቁስሉም ሊደማ፣ ሊበሳም ይችላል። በመርፌ ቢሰጥም ያው ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ለልብ ተብሎ አስፕሪን የታዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። በእንግዳ ቤት «እኔን አሽሎኛል፣ እንካ አንዷን ዋጥ» የምንባባለው ነገር እዚህ ላይ ይቁም።

ቀስ ብሎ የሚሟሟ ኪኒን፦ አንዳንድ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው። መንገዱ ባጠረ አንጀት ግን ሳይሟሟ ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው መፍጨት ነው ማለት ግን አይደለም! የሙሉ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ይመርዛል። መፍትሔው ቶሎ በሚሟሟው ዓይነት ወይም በፈሳሽ እንዲለወጥ ማድረግ ነው። የትኛው ኪኒን እንደሚፈጭ፣ የትኛው እንደማይፈጭ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ይነግራችኋል፤ ሥራችን ነው።

የእንቅርት ሆርሞን፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ማቅጠኛና የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱም ደማቸውን ቶሎ ቶሎ ማስመርመር አለባቸው። መጠኑ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። በተለይ ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት ውኃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል።

እናቶችና እኅቶች ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ ኪሎ ሲቀንስ ተቋርጦ የነበረ የወር አበባ ይመለሳል፤ እርግዝናም ያልታሰበ በር ይከፍታል። የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ደግሞ በተቀየሰ አንጀት ውስጥ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እንዳይረገዝ ይመክራሉ። ስለዚህ በክንድ የሚቀበረው ወይም በማሕፀን የሚቀመጠው ይመረጣል።

፬. ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ

ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን ነው፤ ቪታሚኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው። «ድኛለሁ፣ ኪሎዬም ቀንሷል፣ ቪታሚን ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሲያቋርጡ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ቪታሚን ቢ 12 በቀን ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም በአፍ፣ ወይም በወር አንዴ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ ይወሰዳል። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ፣ ቪታሚን ዲ በቀን 3000 ዩኒት ያህል ይወሰዳል። የወር አበባ ለምታይ ሴትና ለተቀያየሰ ሰው ብረት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ከካርቦኔቱ ይልቅ አሲድ ላነሰው ጨጓራ ይስማማል።

አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቁ። ብረት ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድም፤ ይይዘዋልና። የእንቅርት ኪኒን ከሁለቱም በ4 ሰዓት ይራቅ። ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ከካልሲየምና ከብረት ጋር የሚያጣጥሙበትን ሰዓት መድኃኒቱን ከሚሰጣቸው ባለሙያ ይጠይቁ።

፭. ስለ አምሮት

አሁን ወደ ሆድ ነገር እንምጣ። «ጨጓራው ከተቆረጠ አምሮትም አብሮ አይቆረጥም ወይ?» ይባላል። መልሱ «ለጊዜው» ነው።

ረኀብን የሚቀሰቅስ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ነው። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ሲሆን ጨጓራን በማጥበብ ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣው ይኸው ክፍል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረኀብ የሚባል ነገር ይጠፋል። ጣዕምም ይለወጣል፤ ድሮ ይወዱት የነበረው ጣፋጭ ወይም ሥጋ ያስጠላል። ሆኖም ግን ከአንድ ዓመት ወዲህ ረኀቡ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ይህ የሰውየው ድክመት ወይም የቀዶ ሕክምናው መክሸፍ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ያቺ የመጀመሪያዋ ዓመት የአዲስ ልማድ መትከያ ናት።

ረኀብና አምሮት ይለያያሉ። ረኀብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ የተገኘው ምግብ ያስታግሠዋል። አምሮት ግን ድንገት ይመጣል፤ «ያቺን ጮርናቄ ካልበላሁ» ያሰኛል። ብዙ ጊዜም የሚመጣው በድካም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በብቸኝነትና በንዴት ነው። ሲመጣ ውኃ መጎንጨት፣ ከቤት ወጣ ብሎ ከሰው ጋር መጫወት፣ ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት ይረዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። መጥፎው ነገር ቀኑን ሙሉ ቆሎውንም ዳቦ ቆሎውንም እያነሡ መቆርጠም ነው። ጠባብ ጨጓራም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ብዙ ያሳልፋል።

አንድ የአምሮት ዓይነት ግን ምልክት ነው። ጨጓራውን ያስቀነሰ ሰው አፈር፣ ጠመኔ ወይም በረዶ የመብላት አምሮት ከያዘው ብዙ ጊዜ ብረት አንሶታል ማለት ነው። አይሳቅበት፤ ደሙን ያስመርምር።

ማርና ስኳር የበዛበት ነገርም የራሱ ጣጣ አለው። ብርዝ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ኬክ የወሰደ ሰው፣ በተለይ የተቀያየሰው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል። ጠጅና አረቄም እንዲሁ ናቸው፦ በተቀያየሰ ሆድ ውስጥ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ከፍ ብሎም ይወጣል። በአንድ ብርሌ የሚሰክር ሰው ሆኗል ማለት ነው። የምግብ አምሮቱን በመጠጥ የሚለውጥም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የመጠጥ ችግሩ ጎልቶ የታየው በሁለተኛው ዓመት መሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ ምን ይብላ? መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፤ መደበኛ ምግብ የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ነው። ከሁሉ በፊት ገንቢው ምግብ ይቅደም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል። ዐይብ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የላመ ምስር፣ ዓሣ፣ በደንብ የተፈጨ ሥጋ ከቤታችን አይጠፉም። እንጀራና ዳቦ መጀመሪያ ላይ እንደ ሊጥ ተጠቅልለው ሊያንቁ ስለሚችሉ ይቆዩ፤ ጥብስም ጥሬ ሥጋም እንዲሁ። በትንሹ ቆርሶ፣ አላምጦ፣ ቀስ ብሎ መብላት ነው። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በቀኑ ውስጥ ግን እየተጎነጩ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ይሙላ።

፮. ስለ ጾምና ስለ ጉርሻ

በመጀመሪያዎቹ ወራት እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መጾም ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ መጾምም እንዲሁ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው፤ የነፍስ አባትን ወይም ሼኩን ማማከር፣ ለሐኪሙም መንገር ነው። ከዚያ በኋላም የሚጾም ሰው ቢ 12 ከእንስሳት ተዋፅኦ ብቻ የሚገኝ መሆኑን አይርሳ፤ ቪታሚኑን በጾምም አያቋርጥ።

ስለ ጉርሻ ደግሞ ምን ልበላችሁ? «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያልን፣ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያልን እናስጨንቃለን። ፍቅራችን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሲኒ እኩሌታ በማትሞላ ከረጢት ላይ አንድ የእኛ ጉርሻ ሲገባ ሰውየው ሽንት ቤት ገብቶ ያስመልሰዋል፤ ለይሉኝታም ብሎ አይነግረንም። እንግዲህ እንግዳው «በቃኝ» ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ብለን እንተወው። ፍቅራችንን በጨዋታ እንግለጽለት።

፯. ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

ማስታወክ ቀናት ከቆየ፣ ከዚያም ዐይን ሁለት ሁለት ማየት ከጀመረ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ፣ ሰውየው ከተወናበደ፣ ቪታሚን ቢ 1 አልቆበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው፤ ቢዘገይ አእምሮን ለዘለቄታው ይጎዳል። «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጓል፣ ሲያስመልሰው ሰንብቷል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ 1 መሰጠት አለበትና። ጸሎቱና ጠበሉ ይሁን፤ ሕክምናው ግን አይቅደምበት አይባል፣ አብሮ ይሂድ። ከዚህ ሌላ ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን፣ የእግር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ሌሊትም ቢሆን የሚያስኬዱ ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብ። ይህን ሕክምና ያደረገ ሰው ሁሉ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፎ በኪሱ ይያዝ፦ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ «ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጠኝ» የሚለውን። ራሱን ቢስት እንኳ ወረቀቱ ይናገርለታል። ወረቀቱንም ለሠፈር ማሳየት አያስፈልግም፤ ለሐኪሙና ለመድኃኒት ቤቱ ይበቃል። እናንተም ይህን ስትሰሙ አንድ የምታውቁት ሰው ትዝ ብሏችሁ ከሆነ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠጋ ብላችሁ ንገሩት።